ከግድግዳው ወዲያ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያጣ ደረጃው ላይ ይቀመጥ፤ ጠዋት የጠረግኩት ነው። አንቺም ያንን ስልክሽን ለአፍታ አስቀምጪው፣ እግር የለው አይሸሽ። የማወራላችሁ ስለ ጎረቤቴ ነው። ብዙውን ራሱ አጥራችን ላይ ተደግፎ ነግሮኛል፤ ቀሪውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥቂቱን ደግሞ፣ ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ በጆሮዬ ለቅሜዋለሁ። በዕድሜ ስለምበልጠው «አንተ» እለዋለሁ፤ እናንተ ግን መንገድ ላይ ስታገኙት «እርስዎ» በሉት።

ሰፈሩ ጋሽ ድልድዩ ይለዋል። ጡረታ የወጣ ኢንጂነር ነው። አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሁለተኛውን በእጁ እንደያዘ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሳሎን ውስጥ የማያውቀው የወንድ ድምፅ ሰማ። ወዲያው ግድግዳው በጣት ተንኳኳ፤ ኳ ኳ ኳ፣ ከታች ወደ ላይ እየሄደ። የጠሩት መስሎት «አቤት» ሊል አፉን ሲከፍት ድምፁ ቀጠለ።

«ይሄ ከተነሣ ሳሎንሽ ሜዳ ሆነ ማለት ነው፣ እህቴ። የመቁረጫ ጠረጴዛ ብቻ? ኳስ ታጫውቺበታለሽ» አለ ሰውየው። ግንበኛ ነበር። «ግን እንዲሁ በድፍረት መዶሻ አላነሣበትም። ከላዩ የሚሄደውን ቢም ታዪዋለሽ? ግድግዳው ተሸካሚ ከሆነ ጣሪያው አናታችን ላይ ነው የሚያርፈው። ቤቱን ማን ነው የሠራው? የሚያውቅ ሰው አለ?»

ጋሽ ድልድዩ ካልሲውን ጨበጠው።

«እናቴ ናት ያሠራችው» አለች ሴት ልጁ። «እሷም ካረፈች ቆየች። የሚያውቅ ሰው የለም።»

ልብ በሉልኝ፣ በክፋት አላለችውም። በክፋት ብትለውማ ተነሥቶ ወጥቶ ይቆጣ ነበር፤ ቁጣም እኮ አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ከአልጋው ያነሣዋል። እሷ ግን «ስኳር አልቋል» እንደሚባለው፣ የቤቱን እውነት እንደምትናገር ሆና ነው ያለችው። ግንበኛውም «እንግዲያው ሰው ፈልጊ፣ ጠይቂ። እኔ የሌላ ቤት ሥራ ጨርሼ ወደ ማምሻው ብቅ እላለሁ። የሚያውቅ ካልተገኘ አልነካውም፤ ልጆች አሉኝ» ብሎ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ድልድዩ አንድ እግሩ ካልሲ ለብሶ አንዱ ባዶውን ሆኖ ብዙ ቆየ። በኋላ ሲነግረኝ «ቀዝቃዛው እግሬ የቱ እንደነበረ እንኳ ጠፋኝ» ነው ያለኝ።

ማን መሰላችሁ ይሄ «የሚያውቅ ሰው የለም» የተባለበት ሰው! መሃል ከተማ ያለውን፣ እናንተም ስትመላለሱበት የምትውሉትን ረጅሙን ድልድይ የሠራው ነው። ከዚያ ወንዝ ገድቦ ሐይቅ አድርጓል፣ ተራራ በስቶ መኪና አሳልፏል፣ በስተመጨረሻም አውሮፕላን ማረፊያ አንጥፏል። ብቻውን አይደለም፤ እሱም «እኛ» ይላል እንጂ «እኔ ሠራሁት» ሲል ሰምቼው አላውቅም። በዚያ ቤት ዘመን የሚቆጠረው በእነዚህ ነገሮች ነበር። ልጅቷ የተወለደችው «በድልድዩ ጊዜ» ነው። የወተት ጥርሷ የወለቀው «በግድቡ ጊዜ»። ትምህርቷን የጨረሰችው «በመሿለኪያው ጊዜ»። እናቷ የሞተችው «በአውሮፕላን ማረፊያው ጊዜ»። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት እሱ ቤት ያደረባቸው ሌሊቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይመጣል፤ ሻንጣው ሳይፈታ በር ሥር ይሰነብታል፤ ይሄዳል። ልጅቷ እንዲህ ትንሽ ሆና አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «አባትሽስ?» ስላት «ሩቅ ነው፣ ኮንክሪት ውሃ እያጠጣ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። የሰው አባት አበባ ያጠጣል፣ የሷ አባት ድንጋይ ያጠጣል እላታለሁ። እሷ ግን አትስቅም ነበር፤ አሁን ሳስበው።

ቤቱንም ቢሆን የነደፈው እሱ ነው። ግድቡ ላይ ሳለ፣ ካምፕ ውስጥ፣ በፋኖስ ተቀምጦ ፕላኑን ሥሎ ለሚስቱ ላከላት። እሷ ናት አሸዋ ያስጫነችው፣ ብሎኬት የቆጠረችው፣ ከሠራተኛ ጋር ጉሮሮዋ እስኪነቃ የተጨቃጨቀችው። ታዲያ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አይደል የሚባለው? ለሁሉም ክፍል ፀሐይ ሰጥቶ ለራሱ ያስቀራት ክፍል ጠባቧ ናት። መስኮቷ የሚያየው የእኔን አጥር ነው። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ነጭ የነበረ አሁን እንደ ቅቤ ቢጫ የሆነ የሥራ ቆብ ምስማር ላይ፤ በቃ። ዕቃ ለማስቀመጥ አልፎ አልፎም ለማደር ብሎ ነው የሠራት። ሰው ሌላውን ሁሉ ሲያሰላ ውሎ፣ አርጅቶ ቤት ውስጥ መቀመጥ የሚባል ነገር እንዳለ አላሰላም።

ያቺ ክፍል ግን አንድ ጸጋ ነበራት። ከሳሎኑ የሚለያት ግድግዳ ስስ ነው። ጆሮው በድማሚት ጩኸት ስለደነዘዘ ፊት ለፊት የሚያናግሩትን በግድ ነው የሚሰማው፤ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ ግን የልጁን ሳል፣ የስፌት መኪናዋን፣ መቀስ ስታስቀምጥ ጠረጴዛው የሚያሰማውን ሁሉ ይሰማል። ባሏ ከተለያት ወዲህ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ መጋረጃ እየሰፋች ነው የምትኖረው። በቀን አብረው የሚያወሩት «ብርድ ነው»፣ «መብራት ሄደ»፣ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ነው። ሌላውን ግድግዳው ይነግረዋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያ ግድግዳ ምንም አይሸከምም። ጋሽ ድልድዩ ይህን ስሙን እንደሚያውቅ ያውቀዋል፤ ራሱ ነው እንዲያ ያደረገው። ጣሪያውን የያዘው ቢሙ ነው፣ ያ ከዳር ምሰሶ እስከ ዳር ምሰሶ የተዘረጋው የኮንክሪት አግዳሚ። ግድግዳው ከሥሩ እንዲሁ ቆሟል። ግን ለማያውቅ ዓይን፣ ለጥሩ ግንበኛም ዓይን ቢሆን፣ ተሸካሚ ይመስላል። ስለዚህ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም። ዝም ካለ ክፍሉ ለእሱ ይተርፋል። ከተናገረ ግድግዳው ይፈርሳል፣ እሱም ጓሮ ያለው የሰርቪስ ክፍል ይገባል። ልጁ ሰሞኑን «አባዬ፣ ጓሮ ያለችው ክፍል እንዴት ያለ ፀሐይ ይገባታል መሰለህ» ስትለው ከርማለች። ስለ ፀሐይ የምታወራ መስሎት ነበር።

ሁለተኛውን ካልሲ አጥልቆ በሳሎኑ በኩል ወጣ። ልጁ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነበር። ለአንድ ሆቴል የታዘዘ መጋረጃ ነው፤ ከሶፋው እግር ተነሥቶ ኮሪደሩ ድረስ ተዘርግቷል፤ እሷ ስፒል በከንፈሯ ይዛ እንደ ሕፃን እየዳኸች ትቆርጣለች። ጉልበቷ ሥር ያጠፈችው ትራስ አለ።

«ወጣ ልበል» አላት።

«እምም» አለች በስፒሉ መካከል። ከዚያ ስፒሉን አውጥታ «ጃኬት ልበስ፣ ደመና ነው።»

ጃኬቱን ለበሰ። አጥሩ ጋ ሲደርስ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ቆመ። «ጎረቤት» አለኝ፣ «ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳይዋሽ ኖሮ አንድ ጊዜ ቢዋሽ ምን ይመስልሻል?»

«እንደ ዋጋው ነው» አልኩት። «ስንት ያወጣል?»

«አንድ ክፍል።»

ቀልድ መሰለኝና ሳቅሁ። እሱም ፈገግ ብሎ ሄደ። አሁን ያ ሳቄ ትዝ ሲለኝ ደስ አይለኝም።

አውቶቡስ ያዘ። የት እንደሚሄድ አላሰበም፤ እግሩ የለመደውን ነው የያዘው። መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በሹክሹክታ ይለማመድ ጀመር። «ተሸካሚ ነው። አዎ፣ ተሸካሚ ነው፣ አትንኩት።» አጠገቡ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ስለ ዘንቢሏ ሸክም የሚያወራ መስሏት «ምን ይደረግ አባቴ፣ የዛሬ ሸቀጥ ዋጋው እንጂ ክብደቱ መች አስቸገረ» አለችው። ሽንኩርት በስንት እንደገባ፣ ዘይት በስንት፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ማን እንደጨመረባት እስኪወርድ ድረስ ነገረችው። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ያወራው ረጅሙ ወሬ ያ ነበር። ድልድዩ ጋ «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ፤ ረዳቱ እጁን ይዞ አወረደውና «ቀስ ይበሉ ፋዘር፣ እዚህ ጋ አስፋልቱ ጎድጉዷል» አለው። ጋሽ ድልድዩ ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አየው። ውሃ መውረጃው ተደፍኖ ነው። ለማን ይናገር? ቀና ብሎ አለፈ።

በደረጃው ወደ ድልድዩ ሥር ወረደ። ከላይ መኪና ሲያልፍ ከሥር ጉም ጉም ይላል፤ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ። ምሰሶዎቹ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ተቀዷል፣ ደግሞ ተለጥፏል። የመጀመሪያው ምሰሶ ሥር አንዲት ወጣት ሴት ብርቱካን ደርድራ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ በካርቶን ውስጥ፣ በነጠላ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን ተኝቷል።

«ሦስቱ በአሥር፣ አባባ። ለእርስዎ አራቱን።»

«ለምን ለእኔ አራት?»

«የመጀመሪያ ገበያዬ ነዎት፤ እስካሁን የቆመ የለም።»

አራቱን ገዛ። ከዚያ ሊሄድ አልቻለም። ሕፃኑን አየ፣ ቀና ብሎ የድልድዩን ሆድ አየ። «አትፈሪም?» አላት።

«ምኑን?»

«ከላይ ያለውን። እንዲህ ሲያጉረመርም።»

«ይወድቃል ብለው ነው?» ሳቀች። «ኧረ አባባ! ይሄን የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። የእኛ ሰው ቢሆን መች እዚህ እቀመጥ ነበር።»

እሱም ሳቀ። በሳቁ መካከል ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላ እኔም አልጠየቅሁትም። «አይወድቅም» አላት።

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ አይደለም። በእነሱ ሥራ አንድ ወግ ነበራቸው። ድልድይ አልቆ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ድንጋይ እስከ አፉ የጫኑ ገልባጭ መኪናዎች ተሰልፈው ይወጡበታል፣ መሃሉ ላይ ደርሰው ይቆማሉ። ያኔ ኢንጂነሩ ከሥሩ ይቆማል። በወረቀት የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ሾፌሮቹ ናቸው የጀመሩት። «አንተ ከሥር ካልቆምክ እኛ ከላይ አንወጣም» አሉ፤ ሄዶ ቆመ። ይኸው ብርቱካን የተደረደረበት ቦታ ላይ። ያን ዕለት ሚስቱ ሆዷ ገፍቶ ምሳ ይዛለት መጥታ ነበር። «ዞር በይ፣ ጨርሰን ነው የምንበላው» ቢላት የምሳ ዕቃውን እንደያዘች መጥታ አጠገቡ ቆመች። «አንተ ካመንከው እኔ ምን ቆርጦኝ እጠራጠራለሁ?» አለችው። ገልባጮቹ አንድ በአንድ ከላያቸው ገቡ። አቧራ እንደ ዱቄት ፀጉሯ ላይ ወረደ። ድልድዩ ዝም አለ። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ። ልጁ ያኔ ሆድ ውስጥ ነበረች፤ ይህን አንድ ቀን እነግራታለሁ እያለ ይኸው ሸመገለ። «በምን ብዬ ልጀምረው?» ይለኛል፤ «ብርድ ነው ካልኳት በኋላ ነው ወይስ መብራት ሄደ ካለችኝ በኋላ?»

ሌላም ነገር ትዝ አለው። ከዚያ ድልድይ በኋላ፣ ሌላ ትንሽ ድልድይ ላይ፣ አለቃው «እንግዶች እየመጡ ነው፣ ደርሷል በል» ብሎት ነበር። ኮንክሪቱ ገና አልጠናም። «አልደረሰም» አለ። ተለማመጡት፣ ተቆጡት፣ «አልደረሰም» አለ። እንግዶቹ ሳይመርቁ ተመለሱ፤ እሱም ማግሥቱን ሩቁ ግድብ ላይ ተመደበ፣ ለቤቱ የቀረበው ሥራ ለሌላ ተሰጠ። የልጁ ጥርስ የወለቀው፣ ከብስክሌት ወድቃ ክንዷ የተሰበረው፣ ሌሊት ሌሊት «አባዬ» እያለች ትባንን የነበረው ያኔ ነው። ያንን አንድ ቃል የከፈለችው እሷ ናት፤ እንደከፈለች ግን አታውቅም። እንግዲህ ያኔ ለልጁ ብሎ ያልዋሸ ሰው፣ አሁን ለአንድ ጠባብ ክፍል ብሎ ይዋሽ? ወይስ ያኔ ያልዋሸው አይበቃም፣ አሁን እንኳ ለራሱ ይሁን? ከሕፃኑ ካርቶን ራቅ ብሎ አንዱን ብርቱካን ላጠ፣ በላው። ሌላ ሰው እንዲያ ተቀምጦ ቢያየው ዘመድ የሚጠብቅ ይመስለው ነበር። ደመናው ሲከብድ ተነሣ።

ቤት ሲደርስ ግንበኛው ቀድሞት መጥቶ ሳሎኑ መሃል ቆሟል። ልጁ አሁንም ወለሉ ላይ ናት፤ መጋረጃው ገና አልተጋመሰም።

«ሰው ተገኘ?» ይላል ግንበኛው።

«ሁለት ሰው ደወልኩ፣ ሳናይ አንናገርም አሉኝ።»

«እንግዲያው ይቅርብሽ፣ እህቴ። በእኔ ግምት ተሸካሚ ነው። ቢሙ ልክ በላዩ ነው የሚሄደው። በዓመት በሁለት ዓመት ሌላ ሰፊ ቤት ትከራዪ ይሆናል።»

«እሺ» አለች። አልተከራከረችም። ጎንበስ ብላ መቀሱን አነሣች፣ ትራሱን በእጇ ገፋች፣ በጉልበቷ ወደፊት ፈቀቅ አለች። ጉልበቷ ቀጭ ሲል ተሰማ። እሷ ራሷ ያልሰማችው፣ የለመደችው ድምፅ ነው። ጋሽ ድልድዩ በዚህ ጊዜ ከነጃኬቱ፣ ብርቱካኑን በኪሱ ይዞ፣ የክፍሉን እጀታ ጨብጦ ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀውም። እጀታውን ቢጠመዝዝ ነገሩ አለቀ፤ ክፍሉ የሱ ነው፣ ስሱ ግድግዳም የሱ ነው፣ ሳሏን ይሰማል፣ መኪናዋን ይሰማል፣ እስኪሞት ድረስ። ይህን ሲነግረኝ እጁን አጥሬ ላይ አድርጎ እንዴት እጀታውን እንደያዘ አሳየኝ።

«አይሸከምም» አለ።

ግንበኛው ዞረ። «ምን አሉ ጋሼ?»

«ጣሪያውን የያዘው ቢሙ ነው። ከዚያ ምሰሶ ተነሥቶ እዚህ ያርፋል። ግድግዳው ከሥሩ ቆሟል እንጂ አይነካውም። ይፍረስ።»

«አባዬ፣ ተወው በቃ» አለች ልጁ ቀና ሳትል። ድምፅዋ የደከመ ነበር እንጂ የተቆጣ አልነበረም። «አንተ ያኔ እዚህ አልነበርክም።»

ቀላል ቃል አይደለችም ይቺ። «አዎ» አለ እጀታውን ለቆ፤ «አልነበርኩም።» ወደ ግንበኛው ዞሮ «ወንበር ላይ ውጣና ከቢሙ ሥር ልስኑን ቆርቁረው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታገኛለህ» አለው።

ግንበኛው ለሽማግሌ አክብሮት ያህል ወጣ። ጠፍጣፋ መፍቻውን ሰክቶ ነቀነቀ። ልስኑ ተሰንጥቆ ወለሉ ላይ፣ መጋረጃው ጠርዝ ላይ ተፈረፈረ። ከዚያ መፍቻው ያለ ተቃውሞ ወደ ውስጥ ገባ። «ሃይ!» አለ። በሁለት ጣቱ ቆፍሮ አንድ ነገር ጎተተ፤ እየተጎተተ መጣ፣ ረጅም የጨርቅ ብጣሽ፣ አቧራ የጠገበ። አራገፈው። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ ነጭ ነጥብ ያለው።

ልጁ ከወለሉ ተነሣች። ሌላ ጊዜ ሶፋውን ተደግፋ ነው የምትነሣው፤ አሁን ሳትደገፍ ተነሣች። ጨርቁን ተቀበለችው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ልብስ ሰፊ ናት፣ ክር አይጠፋትም። «ይሄ የእኔ ቀሚስ ነው» አለች። «ከብስክሌት ስወድቅ የተቀደደው። ይቺ የእማዬ እጅ ናት፤ እንዲህ ዘቅዝቃ ነበር የምትጠልፈው።»

«በለስላሳ ነገር ድፈኚው ብዬ ነበር የላክሁባት» አለ ጋሽ ድልድዩ። «በምን እንደደፈነችው እኔም ዛሬ ነው የማየው።»

«ግን ለምን ክፍተት ተተወ?»

«እንዲፈርስ ነው የተሠራው። ይቺ ክፍል ለጊዜው ናት፣ ጠቅልዬ ስመጣ ግድግዳውን እናነሣና ሳሎኑን እናሰፋዋለን ብያት ነበር።» ጨርቁን አየው። «ጠቅልዬ የመጣሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ከዚያማ ለማን ይሰፋል ብዬ ተውኩት።»

ግንበኛው ከወንበሩ ወርዶ፣ የሰው ቤት ጉዳይ መሃል የገባ ሰው እንደሚያደርገው፣ መፍቻውን በሱሪው ይወለውላል። «ወይ ጋሼ» አለ፣ «ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ሰው ስትፈልግ! ጠዋት ስመጣ የት ነበሩ?»

«እዚሁ» አለ ጋሽ ድልድዩ። በእጁ አመለከተ። «ከግድግዳው ወዲያ።»

የልጁ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። ጠዋት ያለችው ቃል እንደተሰማ ገባት። አየችው። እሱ ግን አላያትም፤ ኪሱን እየዳበሰ ብርቱካኖቹን አወጣና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደራቸው። ይቅርታ አላለችውም። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ቃል አይለመድም፤ ቢባልም ማን እንደሚቀበለው አያውቁም። «ብርቱካን ገዛህ?» አለችው።

«ድልድዩ ሥር። አራቱን በአሥር፤ አንዱን በላሁት።»

«ረክሷል።»

«ረክሷል።»

ግንበኛው በማግሥቱ ማለዳ ሊጀምር ተስማምቶ ወጣ። እሷ ወዲያ ወዲህ አለች፣ መቀሱን አነሣች አስቀመጠች፣ ከዚያ ከመሳቢያው ሜትሩን አወጣች። የልስኑን ፍርፋሪ ረግጣ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ የሜትሩን ጫፍ ዘረጋችለት። «አባዬ፣ እስቲ ያዝልኝ። ምን ያህል ርዝመት ያለው ጠረጴዛ እንደሚያስገባ ልየው።» ያዘላት። እሷ ሜትሩን እየለቀቀች በሳሎኑ ወደ ኋላ ሄደች፣ የክፍሉን በር ከፍታ ገባች፣ አልጋው አጠገብ አልፋ እስከ መስኮቱ፣ እስከ እኔ አጥር ድረስ። እሱ ጫፉን የሳሎኑ ማዶ ግድግዳ ላይ አጥብቆ እንደያዘ ቆመ፤ በዚያ ሁሉ ሥራው ሜትር የሚይዝለት ሌላ ሰው ነበር፤ ያዡ እሱ ሲሆን ያቺ የመጀመሪያዋ ናት።

«ልቀቀው?» አለ ቆይቶ።

«ቆይ» አለች ከወዲያ። «ቆይ፣ እንዳትለቀው።»

ግድግዳው ፈረሰ። አሁን ስትገቡ ሳሎኑ በእውነትም ሜዳ ነው፤ ልጅቷም ቆማ ነው የምትቆርጠው። ጠረጴዛዋ አንድ ሙሉ መጋረጃ ይዘረጋል። ያቺ ሰማያዊ ብጣሽ መርፌ መሰኪያዋ ሆናለች። እሱ ጓሮ ገብቷል፤ ፀሐይም ይገባለታል፣ አልዋሸችም። ነገር ግን የሰርቪሷ ግድግዳ በድንጋይ የተገነባ ነው፣ ወፍራም። ማታ ማታ በመስኮቴ አየዋለሁ፤ እንደ ልማዱ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል። ምንም አይሰማም። ሳሏም መኪናዋም እዚያ አይደርስም። አንዳንድ ጊዜ እሷ የሻይ ኩባያ ይዛ ግቢውን አቋርጣ ትመጣለች፤ በሩ ጋ ትቆማለች፤ «ብርድ ነው» ትለዋለች። እሱም «ብርድ ነው» ይላታል። ከዚያ ወዲያውኑ አትመለስም፤ ኩባያው ባዶ እስኪሆን ትቆማለች። ያቺን ያህል ናት። የድልድዩን ሥር ወሬ ገና አልነገራትም። «ንገራት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» እለዋለሁ፤ «እደርስበታለሁ» ይለኛል።

በሉ፣ መሽቷል፣ እናታችሁም ትጠራችኋለች። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ድልድዩን ስታልፉ ስሙን አትጥሩ፣ አያስፈልግም። ግን ቤታችሁ ውስጥ አንድ ቀን ሰው መጥቶ «የሚያውቅ ሰው አለ?» ሲላችሁ፣ «የለም» ከማለታችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩት፤ አንኳኩና ትንሽ ጠብቁ። ይህቺን አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።